የድሮ ላንድ ክሩዘር የአየር ፊልትሮ፦ ይገባል፣ ግን አይጠብቅም

ባለ75

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ላንድ ክሩዘር ኤችዜድጄ75 ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ቱርቦ የለውም። የአየር ፊልትሮው ቤት ክብ የብረት ጣሳ ነው። መሀሉ ላይ ረጅም ቡሎን አለ፤ ፊልትሮው እሱ ላይ ይጠልቅና በባለ ክንፍ ዳዶ ይታሰራል፣ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። የጣሳው ጽሑፍ ተልጦ ስላለቀ የመኪናው የራሱ ይሁን ከሌላ ሞተር የመጣ አይታወቅም።

አዲሱ ፊልትሮ በውፍረት ልክ ነው፤ ቁመቱም ከአሮጌው ጋር እኩል ነው፣ 270 ሚሊሜትር። ነገር ግን ዳዶው ክሩ እስኪያልቅ ከጠበቀ በኋላም ፊልትሮውን በእጅ ማዞር ይቻላል። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጡ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ቀላ ያለ ደቃቅ አቧራ ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛ ጓርኒሲዮን (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ብደርብበት ይበቃል? ካልበቃ ትክክለኛውን በምን ልለየው? አሮጌውን በኮምፕሬሰር ነፍቼ ለጊዜው ብመልሰውስ?

---

ካሊብሮ

ወንድም፣ ፊልትሮው በእጅ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ያለ ፊልትሮ እየሠራ ነው ብለህ ቁጠረው። አቧራ ላይ አትንዳው። 4.2 ሊትር ባለ አራት ምት ሞተር ሙሉ መጠኑን የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 3800 ዙር ላይ 8 ሜትር ኩብ አየር ገደማ ይሆናል። ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ አይሞላም ብለን ብንቀንስ እንኳ ከ6.5 አይወርድም። ያን ያህል አየር በየደቂቃው ሲያልፍ በጓርኒሲዮኑ ሥር ያለች የግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ቀላል አይደለችም። አየር ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ ወረቀቱ አቧራ እየያዘ ሲከብድ በክፍተቷ የሚያልፈው ይጨምራል። ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበቶች) የሚበላው ይሄ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። 270 ሚሊሜትር ያልከው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ ይመስለኛል። በዚህ ዓይነት ቤት ጠቅላላ ቁመት ብዙም አይጠቅምህም። የሚያስፈልግህ ልኬት ከጓርኒሲዮኑ ፊት እስከ ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ያለው ነው። የአንዳንዱ ፊልትሮ ዝግ ቆብ (ዳዶው የሚያርፍበት የብረት ጫፍ) ሜዳ ነው፣ የአንዳንዱ መሀሉ ጎድጓዳ ነው። ሁለቱም 270 ሆነው ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ በ10 ሚሊሜትር ሊለያይ ይችላል።

እንዲህ አድርገህ ለካው፦

ፊልትሮውን በጓርኒሲዮኑ በኩል ሜዳ ጠረጴዛ ላይ አቁመው። በቆቡ ቀዳዳ በኩል ካሊብሮ ወይም ቀጭን ማስመሪያ አውርደህ ዳዶው የሚነካው ብረት ከጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ያዝ። ይህን "ሀ" በለው።

ከዚያ ባዶው ቤት ውስጥ ዳዶውን ብቻውን ክሩ እስከሚያልቅበት አስገባው። ከጓርኒሲዮኑ መቀመጫ እስከ ዳዶው ፊት ለካ። ይሄ "ለ" ነው።

"ሀ" ከ"ለ" መብለጥ አለበት። የሚበልጥበት መጠን ጓርኒሲዮኑ የሚጨመቅበት ነው። ጓርኒሲዮኑ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢጨመቅ ጥሩ ነው። ከ2 በታች ከሆነ መንገጫገጭ ላይ ይላቀቃል። ከግማሹ በላይ ከተጨመቀ ደግሞ ቆቡ ይጎብጣል፣ ወረቀቱ ከሙጫው ይላቀቃል፣ ከዚያ አቧራው በሌላ በኩል ይገባል።

ሲለካ አሮጌውን መለኪያ አታድርገው። ጓርኒሲዮኑ በዕድሜ ተጨፍልቆ ስለሚቀር ከአዲሱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያንሳል።

---

ዳዶና ሮንዴላ

ሁለተኛ ጓርኒሲዮን የሚለውን እርሳው። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ሲጨመቅ እርስ በርሱ ይንሸራተታል፤ አንዱ ወደ ውስጥ ይሾልክና በማግስቱ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል ክፍተት ታገኛለህ። እንዲያውም አዲሱን ከመውቀስህ በፊት የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቤቱ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ እጅህን አስገብተህ ዳስስ። በተለይ በሙቀት የደረቀ ከሆነ ጥቁር ስለሆነ ከመቀመጫው ጋር ይመሳሰላል። ካለ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፍቀው፤ በካቻቢቴ ከፋቅከው መቀመጫውን ትቧጭረዋለህ።

ሌላው ሁሉም የሚዘነጋው፦ ከዳዶው ሥር ያለው ማሸጊያ ሮንዴላ። ቡሎኑ በቆቡ ቀዳዳ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ንጹሕ ወገን ነው፣ ማለትም ተጣርቶ ወደ ሞተሩ የሚሄደው አየር ያለበት። ጎማ የለበሰው ሮንዴላ ከሌለ ወይም ተራ የብረት ሮንዴላ ከተተካበት፣ ጓርኒሲዮኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አቧራ በቡሎኑ ዙሪያ ቀጥታ ይገባል። አዲስ ፊልትሮ ሲገዛ ሮንዴላው አንዳንዴ አብሮ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ካርቶኑን ሳትጥል እይ።

---

ባለ75

በጣም አመሰግናለሁ። ተለክቷል። "ለ" 262 ሚሊሜትር። የአዲሱ ቆብ በእርግጥም ጎድጓዳ ነው፤ "ሀ" 261 ብቻ። የአሮጌው ቆብ ሜዳ ነው። የአዲሱ ጓርኒሲዮን 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። የማሸጊያው ሮንዴላ ጎማ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሻጩ ሳጥኑ ላይ 17801 የሚል ቁጥር አሳይቶኝ ነበር፤ እሱስ ዋስትና አይሆንም?

---

ካሊብሮ

በቃ፣ መልሱ ወጥቷል። 1 ሚሊሜትር ይጎድለዋል፤ ዳዶው የሚቆመው ክሩ ላይ እንጂ ፊልትሮው ላይ አይደለም።

17801 በቶዮታ የመለዋወጫ ቁጥር የአየር ፊልትሮ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። የትንሽ ቤንዚን መኪናም የትልቅ ናፍታም የሚጀምረው በሱ ነው። የሚለየው ከሰረዙ በኋላ ያለው አምስት አኃዝ ነው። እሱን የምታገኘው በሞዴል ስም ሳይሆን በሻንሲ ቁጥርና መኪናው በተሠራበት ዓመትና ወር ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ሞዴል ዕድሜ ውስጥ የፊልትሮው ቤት ሊቀየር ይችላል። ያንተ ግን ቤቱ ራሱ አጠራጣሪ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። የሚሻለው በልክ መፈለግ ነው፦ የውጭ ዲያሜትር፣ የውስጥ ዲያሜትር በጓርኒሲዮኑ በኩል፣ "ሀ"፣ የቆቡ ቀዳዳ ዲያሜትር፣ ቆቡ ሜዳ ይሁን ጎድጓዳ። የፊልትሮ አምራቾች ካታሎግ የውጩን፣ የውስጡንና ቁመቱን በሚሊሜትር ይሰጣል፤ የቆቡን ቅርጽ ግን ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ነው የምታየው። ባንተ ቤት "ሀ" 265 ወይም 266 የሆነ ፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቤቱ መግቢያ ልክ ፊልትሮው ላይ ዘንበል ያሉ የፕላስቲክ ምላሶች የተደረደሩበት ቀለበት ነበረው ወይ? እነሱ አየሩን ያሽከረክሩታል፤ ከባዱ አቧራና አሸዋ ወደ ጣሳው ግድግዳ ተወርውሮ ወረቀቱን ሳይነካ ይወርዳል። አሮጌው ኖሮት አዲሱ ከሌለው ቢገጥምም አትውሰደው፤ የመግቢያው አየር አሸዋውን ይዞ ቀጥታ ወረቀቱን ይመታል።

---

ፈላጊ_4በ4

ለጊዜው የሚሆን መላ፦ ከዳዶው ሥር 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ የብረት ሮንዴላ፣ ከሱ ሥር ደግሞ 2 ሚሊሜትር የጎማ ሮንዴላ። ጎማው ተጨምቆ 1.5 ቢሆን በድምሩ 4.5 ይሆናል። 262 ሲቀነስ 4.5 ሲሆን 257.5፤ ፊልትሮው 261 ስለሆነ ጓርኒሲዮኑ 3.5 ይጨመቃል። ይሠራል።

---

ዳዶና ሮንዴላ

ሒሳቡ ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ግን እንዳትገለብጠው፦ ጎማው ቆቡን መንካት አለበት፣ ብረቱ ከላይ። ጎማው ናፍታና ዘይት የሚችል ይሁን፣ የውስጥ ቀዳዳው ቡሎኑ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገባ። ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጠ አታድርግበት፤ በሞተር ቤት ሙቀትና በዘይት ይለሰልሳል። አራት ቀጫጭን ሮንዴላ ደርቦ ማስገባትም አይሆንም፣ በመሀላቸው አየር ይሾልካል።

የቡሎኑን ክር ወደ ታች ማራዘምም ይቻላል፤ 5 ሚሊሜትር ክር ማውጣት ነው። ግን ቡሎኑን ቤቱ ውስጥ እያለ ክር አታውጣበት። የብረት ፍርፋሪው የሚወድቀው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ነው።

እኔ ብሆን ሁለቱንም ትቼ የሚገጥመውን ፊልትሮ እፈልጋለሁ። ምክንያቱ ቀጥሎ ያለው ነው፦ የሁለቱንም ፊልትሮ የወረቀት እጥፋት ቁጠር።

---

ባለ75

ተቆጠረ። አሮጌው 148 እጥፋት፣ አዲሱ 104። የሁለቱም እጥፋት ጥልቀት 25 ሚሊሜትር፣ የወረቀቱ ቁመት 240 ገደማ።

---

ዳዶና ሮንዴላ

እንግዲህ አስላው። እያንዳንዱ እጥፋት ሁለት ገጽ አለው። 2 × 2.5 × 24 ሴንቲሜትር 120 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በ148 ሲባዛ 17,760፣ ማለትም 1.78 ካሬ ሜትር። በ104 ሲባዛ 12,480፣ 1.25 ካሬ ሜትር። ሠላሳ በመቶ የሚሆነው ወረቀት የለም። ከውጭ ስታየው እኩል ነው፣ ውስጡ ግን ሳስቷል። ያው አየር በትንሽ ወረቀት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ቶሎ ይደፈናል፣ ባለቤቱም ቶሎ ቶሎ መንፋት ይጀምራል። የፊልትሮ ዕድሜ የሚያጥረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ሁለት ምልክት፦ ወረቀቱን በጣትህ ጫፍ ስትጫነው እጥፋቶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወዲያና ወዲህ የሚተኙ ከሆነ መሀላቸውን የሚይዝ ነገር የለም፤ ሞተሩ ሲስብ ተጣብቀው ግማሹ ወረቀት ሥራ ይፈታል። ደግሞ ወረቀቱ ከቆቡ ጋር የተጣበቀበትን ሙጫ ዙሪያውን እይ፤ አንድ ቦታ ላይ ቢያልቅበት እንኳ መልሰው።

---

ስኖርክል

አሮጌውን ስለመንፋት ማንም አልመለሰም። አጭሩ፦ ለአንድ መንገድ ይሆናል፣ ልማድ አይሆንም።

የሚነፋ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ፣ ከ2 ባር በማይበልጥ አየር፣ አፈሙዙ ከወረቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ርቆ፣ በእጥፋቱ ርዝመት ከላይ ወደ ታች። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ብዙውን ጊዜ ከ8 ባር በላይ ነው፤ መቀነሻ ከሌለው አትንካው። ጎማ ላይ ወይም መከላከያ ላይ ማንኳኳት ቆቡን ያጎብጠዋል፣ የጎበጠ ቆብ ደግሞ አይታሸግም። በቤንዚን ወይም በናፍታ ማጠብ ወረቀቱን የያዘውን ሙጫ ይፈታል፤ "ይታጠባል" ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር በውሃም አይታጠብም።

ከነፋኸው በኋላ ጨለማ ቦታ ገብተህ ውስጡ መብራት አስገባ፣ ዙሪያውን እያዞርክ ተመልከት። እኩል ደብዘዝ ያለ ብርሃን ካየህ ደህና ነው፤ አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታህል የደመቀች ነጥብ ካለች ጣለው።

ሰው የማይቀበለው ነገር አለ፦ ትንሽ አቧራ የያዘ ፊልትሮ ከአዲሱ በተሻለ ያጣራል፤ ወረቀቱ ላይ የተጋገረው አቧራ ራሱ ሌላውን ይይዛል። በየሳምንቱ የሚነፋ ሰው ያን ጥቅም እያጣ፣ ወረቀቱንም እያሳሳ ነው። ስለዚህ "ጠቁሯል" ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ መታፈን ነው፣ እሱም ይለካል። ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፈህ እስከ ግማሹ ውሃ ሙላ፤ እያንዳንዱ እግር 1 ሜትር ይሁን፣ አለዚያ ሞተሩ ውሃውን ይስበዋል። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቧንቧ ላይ አገናኝ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። ቱርቦ የሌለው ናፍታ ያለ ጭነት እስከ መጨረሻው ዙር ሲረገጥ የሚስበው ከፍተኛውን አየር ያህል ስለሆነ መንገድ ላይ መለካት አያስፈልግህም። የሁለቱን ውሃ ከፍታ ልዩነት አንብብ። ብዙ የናፍታ ሞተር አምራቾች የሚፈቅዱት ጣሪያ ከ500 እስከ 635 ሚሊሜትር ነው። በአዲስ ፊልትሮ ለክተህ ክዳኑ ላይ ጻፈው፤ በኋላ የምታወዳድረው ከሱ ጋር ነው። ስትጨርስ ቀዳዳውን በደንብ ድፈን፤ ያ ቦታ ንጹሕ ወገን ነው።

---

ፈላጊ_4በ4

በወረቀት ፋንታ አቧራውን በዘይት ወደሚይዘው የድሮው ባለ ዘይት ማጣሪያ ቢመለስስ? አይደፈንም፣ ፊልትሮ ፍለጋም የለም።

---

ካሊብሮ

ለትራክተር ደህና ነው፣ ለሚያጋድል መኪና አይመከርም። ጥሩ ወረቀት ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል፣ ዘይቱ እዚያ አይደርስም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ደግሞ ዘይቱን የሚያናውጠው አየር ስለሌለ ማጣራቱ ይብሱን ይወርዳል። ከመስመሩ በላይ ከተሞላ ወይም መኪናው በጣም ካዘነበለ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል፤ ናፍታ ሞተር ዘይት እየጠጣ ቁልፍ ቢዘጋም አይቆምም።

---

ስኖርክል

ባለ75፣ ፊልትሮው ልክ ሆኖ ከገባ በኋላም አቧራው የመጣው ከሱ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ። አቧራው ራሱ መንገዱን ይነግርሃል። ክዳኑን ከፍተህ ፊልትሮውን በቀስታ አውጣና ምንም ሳትጠርግ ተመልከት፦

ከመቀመጫው ዙሪያ አንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ውስጥ የተዘረጋ ጭረት ካለ ጓርኒሲዮኑ ነው። ቡሎኑ ላይና በቆቡ ውስጠኛ ገጽ መሀል ካለ ሮንዴላው ነው። የፊልትሮው ውስጥ ሁሉ እኩል ብናኝ ከለበሰ ወረቀቱ ነው። ፊልትሮው ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ቧንቧው ውስጥ አቧራ ካለ ከፊልትሮው በኋላ ያለው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ወይም ፋሼታ (የቱቦው ማሰሪያ) ነው። ማኒኮቶውን አውልቀህ እጠፈው፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የሚከፈተው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በሸንተረሩ ጥልቀት ውስጥ፣ ከታች በኩል ነው፣ ገጥሞ እያለ አይታይም። የሞተሩ የትንፋሽ ቱቦም እዚያው አካባቢ ነው የሚገባው፤ እሱ የሚያመጣው ዘይት አቧራውን አጣብቆ ስለሚይዝ ከሱ በኋላ ያለው ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይታያል። ዘይቱን ብቻ አይተህ አትደንግጥ፣ በጣትህ ፈትገው፤ ከኮረኮረህ አቧራ አለበት።

የጣሳውን ሥር ደግሞ እይ። የአቧራ መትፊያ የጎማ አፍ አለ፣ ከንፈሩ ተገጥሞ ወደ ታች መዞር አለበት። ከደረቀ ወይም ከጠፋ ቆሻሻው ወገን ስለሆነ ቀጥታ ወደ ሞተሩ አያስገባም፤ ግን ጣሳው ከኮፈን ሥር ያለውን ሙቅ አየርና ከጎማ የሚነሳውን አቧራ ይስባል፣ ስኖርክል (አየር ከከፍታ የሚስብ ቧንቧ) ቢኖርም ትርጉም አይኖረውም። ውሃ ለመሻገር ደግሞ ጨርሶ አያስተማምንም።

---

ባለ75

ሜዳ ቆብ ያለው፣ "ሀ" 266፣ 146 እጥፋት ያለው፣ ባለ ምላስ ተገኝቷል። ከመግጠሜ በፊት ሌላ የምጠነቀቀው አለ?

---

ካሊብሮ

አለ። ቧንቧውን ከፊልትሮው ቤት እስከ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) አውልቀህ በነጭ ጋዝ እጠብና አድርቅ። ተገጥሞ እያለ በአየር አትንፋው፣ አቧራውን ወደ ሞተሩ ነው የምትገፋው። የማኒፎልዱን አፍ በጨርቅ ዝጋ፤ ጨርቁ ትልቅና ቀለሙ ደማቅ ይሁን፣ ጫፉም ወደ ውጭ ይንጠልጠል፤ ተረስቶ ሞተር የሳበው ጨርቅ ጥቂት አይደለም። ጣሳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ በመቀመጫው ዙሪያ ጥፍርህን አሂድ። ዝገት ወይም ጉብጠት ካገኘህ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው።

መቀመጫው ላይ በጣት ስስ ግሪስ ቀባ፣ ፊልትሮውን አስገባ፣ ዳዶውን በእጅ ብቻ አጥብቅ። ፒንሳ አያስፈልግም። ፊልትሮው መዞር ሲያቆም ግማሽ ዙር ጨምርና አቁም። ከዚያ መልሰህ ፍታና አውጣው፦ ጓርኒሲዮኑ ላይ የግሪሱ ቀለበት ሳይቋረጥ ዙሪያውን ከታየ ተገጣጥሟል። አንድ ቦታ ከተቆረጠ እዚያ ጋ መቀመጫው ጎድጉዷል ወይም ቡሎኑ ዘሟል። የቡሎኑ መዝመም ብዙ ጊዜ ከታች ካለው ማሰሪያ ስንጥቅ ነው የሚመጣው፣ በመብራት እየው። ትርፉን ግሪስ ጥረግና እንደገና ግጠም።

ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነሳና የአየር መግቢያውን አፍ በሜዳ ጣውላ ግጠመው። በመዳፍህ አይሁን። ሞተሩ ወዲያው መታነቅና መጥፋት አለበት። እንደነበረው የሚሠራ ከሆነ ከአንድ ቦታ አየር እያገኘ ነው፤ ሲስብ የሚያፏጭበትን በጆሮህ ተከተል። ቱቦው ሲኮማተር ካየህ ጣውላውን ቶሎ አንሳ።

---

ዳዶና ሮንዴላ

የሞተር ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውንም አሁኑኑ ለውጥ፣ ኪሎሜትሩ አልደረሰም አትበል። የገባው አቧራ ከፊሉ በፋሻው አልፎ ዘይቱ ውስጥ ነው ያለው። ከ300 ኪሎሜትር የአቧራ መንገድ በኋላ ቧንቧውን ብቻ ከፍተህ በዚያው ነጭ ጨርቅ ጥረገው፤ ፊልትሮውን ግን አታውጣው፣ በወጣ በገባ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን ይረግፋል።